ትንንሽ እንጨት ላይ በሌዘር ሲጻፍ ጽሑፉ ከመሃል እንዳይሸሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ለምርቃት የእንጨት ቁልፍ መያዣና ትንንሽ መስቀል ታዘሻል። ስም ስትጽፊ አንዱ መሃል ይመጣል፣ ሌላው ወደ ጎን ይሸሻል። እያንዳንዱን በዓይን ስታስተካክይ ይመሽብሻል። ጂግ፣ ማለትም ዕቃዎቹን በቦታቸው የሚይዝ ማስቀመጫ ያለው ሰሌዳ፣ እንዴት ልሥራ ብለሻል። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ ይህንኑ ስለምሠራ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋናውን ላስቀድም። ጂጉን በማስመሪያ ለክተሽ በመጋዝ አትቁረጪው። ራሱ ሌዘሩ ይቁረጠው። ማስቀመጫውን የቆረጠው ማሽን ስሙንም ከጻፈው ቦታ አይስትም። ኮምፒውተሩ ላይ የዕቃውን ቅርጽ ሳይና ደርድሪው፤ በየቅርጹ መሃል ስሙን አስገቢ። ቅርጹ በአንድ ሌየር (ለብቻው በሚታዘዝ ንብርብር)፣ ስሙ በሌላ ይሁን። መጀመሪያ የቅርጹን ሌየር ብቻ አስነስተሽ ሰሌዳውን ቁረጪ። ከዚያ ሰሌዳው ንቅንቅ ሳይል ዕቃዎቹን ማስቀመጫው ውስጥ ደርድሪና የስሙን ሌየር ብቻ አስጀምሪ።

ንቅንቅ የማይለው ግን ሲታሰር ነው። ማሽኑን ከጠረጴዛው ጋር በብሎን እሰሪው። ሰሌዳው በሁለት ጎኑ የሚደገፍበት ማዕዘን ከጣውላ ሠርተሽ ጠረጴዛው ላይ ምቺ፤ አንስተሽ ብትመልሺውም እዚያው ይገባል። አንዳንድ ትንንሽ ዳዮድ (የሌዘር ዓይነት ነው) ማሽኖች መነሻቸውን የሚያውቁበት ስዊች የላቸውም። ሲበሩ ጭንቅላቱ (ጨረሩ የሚወጣበት ተንቀሳቃሽ ክፍል) ያለበትን ቦታ ዜሮ ብለው ይይዛሉ። ስለዚህ ከማብራትሽ በፊት ሁልጊዜ ጭንቅላቱን በእጅሽ ወደ ፊት ለፊቱ ግራ ጥግ እስኪቆም ግፊው። ላይትበርን የተባለውን የሌዘር ማዘዣ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ «ስታርት ፍሮም» የሚለውን «አብሶሉት ኮርድስ» ላይ አድርጊው፤ ሥራውን ከማሽኑ ዜሮ ይለካል።

ለሰሌዳው 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ጠንካራ ካርቶንም ለአንድ ትዕዛዝ ያገለግላል፤ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ ግን አጠገቡ ሆነሽ ጠብቂው። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ፈጽሞ አትሞክሪ። ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። በማሽን የተቆረጠ ቁልፍ መያዣ ሁሉም እኩል ነው። በካሊፐር ለኪውና በአጠቃላይ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጨምሪ። በእጅ የተጠረበ መስቀል ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። ማስቀመጫውን በትንሹ ልክ ከቆረጥሽ ትልቁ አልገባም ይላል፤ በትልቁ ልክ ከቆረጥሽ ትንሹ ውስጡ ይዋልላል። መፍትሔው ማስቀመጫውን ሰፋ አድርጎ ዕቃውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ማስጠጋት ነው። የመስቀሉ እግር ታችኛውን ጠርዝ፣ ግራ ጎኑ ግራውን ጠርዝ ይንካ። በቀኝ በኩል ትንሽ ሽብልቅ ሰክተሽ አጥብቂው። የመስቀሉ ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር ቢለያይ እንኳ ጽሑፉ ከመሃል የሚርቀው በግማሹ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ዓይን በቀላሉ አይለየውም።

ለክብ ዕቃ ከዚህ የተሻለ አለ። ክብ ቀዳዳ በመቁረጥ ፈንታ የ«ቪ» ቅርጽ ቁረጪ። ክቡን ወደ ቪው ስትገፊው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ መሃሉ ሁልጊዜ ቪውን ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ያርፋል። ያንን መስመር ሰሌዳው ላይ በሌዘሩ ሳስ አድርገሽ አስምሪው። የቁልፍ መያዣው የቀለበት ቀዳዳ መስመሩ ላይ ከዋለ ስሙ አይጣመምም። ይህን ዘዴ በጣም ነው የምወደው፤ ዋንዛም ሆነ ወይራ፣ ጠራቢው ያመጣልሽን ሁሉ ያለ ልኬት ይይዛል።

ውፍረትም አለ። ሁሉንም አንዴ ደርድሪና በጎን እዪአቸው። አንዱ ዝቅ ካለ ፎከሱ ይጠፋል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ከሥሩ ቁራጭ ካርቶን አድርጊና ከፍ አድርጊው። የኛ ፊደል ደግሞ ለትንሽ መጠን አይመችም። የ«ቋ» እና የ«ሟ» ቀለበት ሲያንስ ይዘጋል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ባታወርጂው ይሻላል፤ ቀጠን ያለ ፎንትም ምረጪ። በየማስቀመጫው ጠርዝ ለጣት መግቢያ ግማሽ ክብ ጨምሪበት፤ አለዚያ ዕቃውን በቢላ ስትፈነቅይ ጠርዙ ይላጣል።

መነጽርሽ ለማሽንሽ ጨረር የተሠራ ይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት።

የመጨረሻው የመብራት ነገር ነው። መሃል ላይ ሲጠፋ ዕቃዎቹን አትንኪ፣ እንዳሉ ተያቸው። ሥራው ረድፍ በረድፍ እንዲሄድ አስቀድመሽ ካዘዝሽው የት እንደቆመ በዓይንሽ ታያለሽ። መብራት ሲመጣ ማሽኑን ከማብራትሽ በፊት ጭንቅላቱን ጥግ አስይዢ፣ የተጻፉትን ከፋይሉ ላይ አጥፊና ከቀረው ቀጥዪ። በግማሽ የቀረውን ስም እንደገና ብታስኬጂው እዚያው ራሱ ላይ ይገጥማል፤ የቀደመው ግማሽ ትንሽ ጠቆር ይል ይሆናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ ብታሺው ይመሳሰላል።