መልስ፦ የበረዶው ግንብ ጠባቂዎች ለምን አነሱ?

በጆርጅ ማርቲን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ልብ ወለድ ውስጥ ያን የሚያህል የሰሜን ግንብ እያለ ጠባቂዎቹ ለምን እንዳነሱ ጠይቀዋል። ግንቡ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ19 ምሽጎቹ ግን ሰው የሚኖርባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ ሠራዊቱም 1,000 አይሞላም።

በእኔ አመለካከት ዋናው ምክንያት መሐላው ነው። ዘበኛው ሚስት ላያገባ፣ መሬት ላይዝ፣ ልጅም ላይወልድ ስለሚምል፣ አንዱ በሞተ ቁጥር ተተኪው ከደቡብ መምጣት አለበት፤ የደቡብ መኳንንት ደግሞ ከግንቡ ማዶ ያለው አደጋ ተረት ስለሚመስላቸው፣ በአብዛኛው የሚልኩት ከቅጣት ለማምለጥ ጥቁር ካባ መልበስን፣ ማለትም የግንቡ ዘበኛ መሆንን የመረጠ ወንጀለኛ ነው። (ጥቂት በጎ ፈቃደኞች መኖራቸውን አልክድም።)

ለደራሲው መነሻ የሆነው ሮማውያን በእንግሊዝ የሠሩት የሃድሪያን ግንብ በዚህ ረገድ ፈጽሞ ይለያል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ122 የተጀመረው ይህ 117 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ፣ በየአንድ የሮማ ማይሉ (1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) አነስተኛ ምሽግ፣ በምሽጎቹም መካከል ሁለት ሁለት ማማ ነበረው። የሚጠብቁትም ከግዛቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የተመለመሉ ረዳት ወታደሮች ሲሆኑ፣ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ 25 ዓመት ሲያገለግሉም የሮማ ዜግነት ያገኙ ነበር። የጥቁር ካባ ለባሹ አገልግሎት ግን የሚያበቃው በሞት ብቻ ነው።