ሁለት ቀን ጠርቶ በሦስተኛው የሚነጣ ውሃ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። አንዲት የካፌ ባለቤት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ ካፌዬ ውስጥ ተክል ያለበት አኳሪየም አሠርቼ ነበር። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ነው። ጎልድፊሽ፣ ጉፒና ኒዮን ቴትራ በአንድ ቀን አስመጥቼ አስገባሁበት። አሁን ዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት ላይኛው ውሃ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ቅጠሉም እየበሰበሰ ነው። የሠራልኝ ልጅ በየእሑዱ እየመጣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ይቀይራል፣ የውሃ ማጣሪያውን ስፖንጅ በበረኪና ያጥባል። ሁለት ቀን ይጠራል፤ በሦስተኛው ተመልሶ ይነጣል። ቴትራሳይክሊን ፈትቼ ብጨምርም ምንም ለውጥ የለም። ምን ዓይነት በሽታ ነው? እንደ አዲስ ልጀምር ብልስ ከምን ልነሳ? ፎቶም ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ በሽታ አይመስለኝም። «ሁለት ቀን ይጠራል፤ በሦስተኛው ይነጣል» ስትዪ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓሣዎችሽ የሚሞቱት በራሳቸው ቆሻሻ ተመርዘው ነው። ልጁ እሑድ እሑድ በበረኪና የሚገድለው ደግሞ ያንን መርዝ የሚያጠፋላቸውን ነገር ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ፎቶው ላይ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። ዲቫይደሩ ወለል ላይ፣ ልክ ከአኳሪየሙ ሥር ተቀምጧል። ዛሬውኑ አንሺው። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገሽ በጎን በኩል ስቀዪው። ገመዶቹ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው ከዚያ ወደ ላይ ይውጡ። ያኔ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እታች መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። እጅሽን ውሃው ውስጥ ከመክተትሽ በፊትም ሁሉንም ሶኬት ንቀይ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ይነቀል።

አሁን ወደ ውሃው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ይሄን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ።

ዓሣ በመተንፈሻ አካሉም በሽንቱም አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ የዓሣን የመተንፈሻ አካል ያቃጥላል። ነገር ግን ስፖንጁ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ያበላሻል። ለዚህ ነው ዓሣው በቂ አየር እያለ እንኳ ላይ ወጥቶ የሚያለከልከው። ሁለተኞቹ ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣን ብዙም አይጎዳም፤ ተክል ደግሞ ይመገበዋል። ዙሩ ይሄ ነው።

ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ዘገምተኛ ናቸው። አንዴ ለመባዛት ግማሽ ቀንም ከዚያ በላይም ይፈጅባቸዋል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ተደላድለው እስኪበቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ውሃሽን የሚያነጡት ሌሎች ናቸው፤ ቆሻሻ በልተው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚባዙ። ልጁ ሁሉንም ሲያጥበው ፈጣኖቹ በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ዘገምተኞቹ ግን እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ሳይደርሱ ደግሞ እሑድ ይመጣል። እርሾውን በየሳምንቱ እየደፉ ሊጡ ለምን አልኮመጠጠም እንደማለት ነው። ቴትራሳይክሊኑም ባክቴሪያ ገዳይ ስለሆነ የቀሩትንም ሳይጎዳ አልቀረም። ለሰው የተሠራ ካፕሱል በግምት ውሃ ውስጥ መበተን ይቅርብሽ።

ጠዋት የሚብሰው ለምንድን ነው? ተክል ማታ ኦክስጅን አይሰጥም፤ እንዲያውም ራሱ ይጠቀማል። በዚያ ላይ ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ኤር ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። «ድምፁ ይረብሻል» ብሎ ማታ የሚያጠፋ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እንደ አዲስ ልጀምር ያልሽው ትክክል ነው። የተረፉትን ዓሣዎች ግን አሁኑኑ በትልቅ ባልዲ፣ ኤር ፓምፕ አስገብተሽ አቆዪያቸው። ከባልዲው ውሃ በየቀኑ ሲሶውን ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን አለው፤ ክዳን በሌለው ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አስቀምጠሽ ተጠቀሚ። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኘሽ መጠበቅም አያስፈልግም።

መስታወቱ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፎቶው ላይ ጥጉ በውጭ በኩል ጥቁር ሲሊኮን ተለድፎበታል። አፍስሶ ነበር ማለት ነው። እህቴ፣ አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይያያዝም። የድሮው በምላጭ ተፍቆ፣ መስታወቱ ተጠርጎ፣ ከውስጥ ነው የሚሠራው። ሻጋታ የሚከላከለውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንዳይጠቀሙብሽ፤ እሱ ራሱ ለዓሣ መርዝ ነው። ሲለድፉት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ምንም መድኃኒት ያልተጨመረበት ይሁን። ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ ሳምንት ቢቆይ አይከፋም።

ከአሸዋውና ከላይ ካለው ክፍተት የተረፈው ውሃ 90 ሊትር አካባቢ ነው። ከመስታወቱና ከአሸዋው ጋር ከ120 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የካፌ ጠረጴዛ ይሄን አይችልም። ጅማ ላይ እንጨት ሠሪ አይጠፋም፤ በዋንዛ ጠንካራ መቆሚያ አሠሪ። በውሃ ልክ አስተካክዪው፣ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም አንጥፊ። መስኮት ዳር አታድርጊው፤ ፀሐይ ካገኘ በአልጌ ይሸፈናል።

ፎቶው ላይ ያየሁት ነጭ ድንጋይም ይውጣ። ጠጠሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ ከተንተከተከ ኖራነት አለውና ውሃውን አልካላይን ያደርገዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፒኤች (ውሃው አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚያሳየው ልኬት) 7 ላይ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ግን ከመቶ አምስት ያህል ይደርሳል። ቀለም የተቀባ ጠጠር ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ ቀለሙን ይለቃል፤ ገንዘብሽን አታባክኚ። በውሃ ደጋግሞ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ውፍረት ይበቃሻል። ከሥሩ ፍግ ምናምን እንዳትጨምሪ።

ተክል ላይ ጀማሪ የማያሳፍሩት ቫሊስኔሪያ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስና አኑቢያስ ናቸው። የአኑቢያስንና የጃቫ ፈርንን ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ አትቅበሪው፤ ይበሰብሳል። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው። ያንቺ ቅጠል የበሰበሰው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ተክል አዲስ ውሃ ሲገባ አሮጌ ቅጠሉን ይጥላል፤ አዲስ እያወጣ ከሆነ ተይው። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ይበቃል። ከቦዬ ረግረግ ወይም ከአዌቱ ዳር ነቅለሽ እንዳታመጪ። ከተክሉ ጋር የሚመጣ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ሊይዝ ይችላል። የአኳሪየም ተክልም ወደዚያ አይደፋ፤ ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን አይተናል።

ሂተር ያስፈልግሻል ወይ? ቀን ላይ ጅማ ሞቃት ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ይበርዳል። 100 ዋት ገዝተሽ 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ አድርጊው። እዚህ ላይ ርካሽ አትግዢ፣ እለምንሻለሁ። ርካሹ ሂተር መቆጣጠሪያው ተጣብቆ ሳይጠፋ ያድርና ጠዋት የተቀቀለ ዓሣ ታገኛለሽ። ወይም የሂተሩ መስታወት ይሰነጠቅና ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ለብቻው ቴርሞሜትር ስቀይበት። ውሃ ልትቀይሪ ስትዪ ሂተሩን ነቅለሽ 15 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ጋለ ብሎ ከውሃ ከወጣ ይፈነዳል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም አስገጥሚ። ብሬከሩ ኖረም አልኖረ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ለአስተናጋጆችሽም ንገሪያቸው።

ሁሉም ከተገጠመና ከተተከለ በኋላ ዓሣ ሳታስገቢ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣይበት፤ አሞኒያ ሆኖ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። ደህና የሚሠራ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቅሽ ያገለገለ ስፖንጅ ለምኚው፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥርልሻል። የውሃ መለኪያው አሞኒያንና ናይትራይትን ዜሮ፣ ናይትሬትን ከዜሮ በላይ ሲያሳይ ዓሣ ይገባል።

መጀመሪያ አምስት ወይም ስድስት ወንድ ጉፒ። ወንድ ብቻ ያልኩት ሴት ከገባች በየወሩ ገደማ ስለምትወልድ ነው፤ መያዣ ያጥርሻል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስድስት ኮሪዶራስ፤ አሸዋ እየቆፈሩ የወደቀ ምግብ ይለቅማሉ። ኒዮን ቴትራ አኳሪየሙ ጥቂት ወር ከቆየ በኋላ ይምጣ፤ አዲስ ውሃ አይችልም። ጎልድፊሹ ግን ከዚህ ቡድን ይውጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ተክል ይበላል፣ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ያድጋል። ከጊቤ ግድብ የመጣ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ልስጥሽ የሚል ሰው አይጠፋም። አመስግነሽ እምቢ በዪ፤ አሸዋውን ቆፍሮ ተክልሽን ሁሉ ይነቅለዋል።

ከዚያ በሳምንት ሩብ ያህሉን ውሃ መቀየር ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ብቻ፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ በባልዲ ጨመቅ ጨመቅ። በረኪና አጠገቡ አይድረስ።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጪ። በኩባያ ውሃ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሽበት፤ አየር ያስገባል። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ብታገኚ የተሻለ ነው። ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ፣ መብራት ሳይመጣ ሶኬቱን ነቅለሽ ስፖንጁን አውጪና በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቀሽ መልሺው። ሂተሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ መሆኑን ካየሽ በኋላ ሰኪው።