የላፕቶፕሽ ስም ሳትነኪው ተቀየረ? ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ፌዶራ የሚባለውን ሊኑክስ የጫንሽበት ላፕቶፕ ቤት እያለ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፌዶራ» ይል ነበር። ቢሮ ወስደሽ ስትከፍቺው የማታውቂው ስም ይዞ መጣ። ማታ ቤት ስትመለሺ ደግሞ የድሮው ስሙ ተመለሰ። «ሃክ ተደርጌ ይሆን? ፎርማት ላድርገው?» ብለሻል። አይዞሽ፣ ፎርማት አታድርጊ። እኔም ላይ ደርሷል፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ አሳጥቶኛል።

የኔን ላውራሽ። አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ ገባሁ፣ ተርሚናል ከፈትኩ፣ ከዚያ የኔትወርክ ኬብሉን ሰካሁ። ትንሽ ቆይቼ ብሮውዘር ለመክፈት ብጫን እምቢ አለ። ፋይል ማውጫውም እምቢ አለ። ቀድሞ የተከፈተው ተርሚናል ግን ደህና ይሠራል። እዚያው ላይ አዲስ ታብ ስከፍት ከተጠቃሚ ስሜ ቀጥሎ «ሂሳብ-2» ይላል! አጠገቡ ያለው የቆየው ታብ ደግሞ የራሴን የማሽን ስም ይዞ ቁጭ ብሏል። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስም።

ሂሳብ ክፍል ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሰው ከዚያ ሆኖ ማሽኔ ውስጥ ገብቷል ብዬ ደነገጥኩ። ኬብሉን ለጊዜው ነቀልኩ፣ ፓስወርዶቼን በሙሉ ቀየርኩ። በማግስቱ ደግሞ ባካፑን ባየው የሌሊቱ ቅጂ የለም። ኋላ ስፈልግ ለካ አልጠፋም። የባካፕ ስክሪፕቴ ፎልደሩን የሚሰይመው በማሽኑ ስም ስለነበር «ሂሳብ-2» የሚል አዲስ ፎልደር ከፍቶ እዚያ አስቀምጦታል።

ጥፋተኛው የተገኘው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ላፕቶፔ የኬብል መሰኪያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ ተውሼ ነበር። ያ አስማሚ ቀድሞ ሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ራውተሩ ኮምፒውተርን የሚለየው በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከአስማሚው ጋር አብሮ ይዞራል። ራውተሩ ላይ ያንን ቁጥር «ሂሳብ-2» ብሎ የመዘገበ ሰው ነበር። ኬብሉን ስሰካ ራውተሩ አይፒ አድራሻ ከመስጠቱ ጋር ስሙንም አብሮ ላከ፤ የኔ ማሽን ደግሞ ተቀበለ። ሃከር የለም፣ ሌባ የለም።

ለምን ተቀበለ? ሊኑክስ ለአንድ ማሽን ሦስት ዓይነት ስም ይይዛል። አንደኛው ቋሚ ስም ነው፤ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ሆስትኔም በሚባለው ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጊዜያዊ ስም ነው፤ ሲስተሙ እየሠራ ሳለ ብቻ የሚኖር፣ ሪስታርት ሲደረግ የሚጠፋ። ሦስተኛው ለሰው ዓይን የሚሆን ማሳመሪያ ነው፤ እሱን ተዪው። ቋሚው ባዶ ከሆነ ኔትወርክ ማናጀር የሚባለው፣ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ለጊዜያዊው ስም ይፈልጋል። መጀመሪያ ዲኤችሲፒ (ራውተሩ አይፒ አድራሻ የሚያድልበት መንገድ) የሰጠውን ይወስዳል። እሱ ከሌለ አይፒ አድራሻውን ይዞ ዲኤንኤስን (ስምና አድራሻ የሚያዛምደውን አገልግሎት) ይጠይቃል። ፌዶራ ሲጫን ስም ካልሰጠሽው ቋሚው ባዶ ይቀራል፤ የኔም ባዶ ነበር። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ግን ሲጫን ስም ይጠይቅሽና ፋይሉ ላይ ይጽፈዋል። ኡቡንቱ የሚጠቀሙ ጓደኞችሽ ይህ ብዙም የማይገጥማቸው ለዚህ ነው።

አሁን አንቺ ማድረግ ያለብሽ። ተርሚናል ላይ ሆስትኔም ብለሽ ጽፈሽ፣ ሳታርቂ ሲ፣ ቲ፣ ኤል የሚሉትን ፊደሎች ጨምሪና ኢንተር በዪ። ቋሚ ስም የሚለው መስመር «አልተሰጠም» የሚል ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ነገሩ የኔው ነው። ቀጥለሽ የኔትወርክ ማናጀርን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ አውጪና «ሴት-ሆስትኔም» የሚለውን ፈልጊ። ይህችን መስመር እወዳታለሁ። አዲሱን ስም ትነግርሻለች፤ ቀጥላ በቅንፍ ውስጥ ከየት እንደመጣ ትነግርሻለች። ዲኤችሲፒ ካለች ከራውተሩ ነው። የአድራሻ ፍለጋ ካለች ከዲኤንኤስ ነው። ሁለት ቀን የተሰቃየሁት ይህችን አንድ መስመር ቀድሜ ስላላየሁ ነው፤ ስለዚህ አደራ፣ ከምንም በፊት ሎጉን እዪ።

መፍትሔው አጭር ነው። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ትዕዛዝ) ያንኑ ሆስትኔምሲቲኤል ጽፈሽ፣ ሴት-ሆስትኔም ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ የምትፈልጊውን ስም ስጪው። ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና አጭር ሰረዝ ብቻ ተጠቀሚ፤ ክፍተትና የታች ሰረዝ አታስገቢ። ከ64 ፊደል አይበልጥም። ቋሚ ስም ካለው በኋላ ኔትወርክ ማናጀር አይነካውም። ከዚያ ከሲስተሙ ወጥተሽ እንደገና ግቢ። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ለምታደርጉት ግን ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ የሚባል ፋይል ክፈቱና 127.0.1.1 የሚለው መስመር ላይ የድሮውን ስም በአዲሱ ተኩ። ይህን ከረሳችሁ ሱዶ በተጠቀማችሁ ቁጥር አስተናጋጁን ማግኘት አልቻልኩም እያለ ይነዘንዛችኋል።

መስኮቶቼ ለምን እምቢ እንዳሉ ሳልነግርሽ። ያኔ የምጠቀመው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ ነበር። ኤክስ የሚባለው የድሮው የስክሪን ሲስተም የመግቢያ ፈቃዱን የሚመዘግበው በማሽኑ ስም ነው። ስሙ መሀል ላይ ሲቀየር አዲስ የሚከፈተው ፕሮግራም ፈቃዱን በአዲሱ ስም ይፈልጋል፤ አያገኝም። ስለዚህ ስም ስትቀይሪ የከፈትሽውን ሥራ መጀመሪያ ሴቭ አድርጊ።

ክላውድ ላይ ሰርቨር ያላችሁ ደግሞ፣ ከኢሜጅ (ከተዘጋጀ የሲስተም ቅጂ) ያባዛችሁት ሰርቨር የማታውቁት ስም ይዞ ከተነሳ ራውተር አትውቀሱ። እዚያ ስም የሚሰጠው ክላውድ-ኢኒት የሚባለው፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያዋቅረው ፕሮግራም ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ «ፕሪዘርቭ ሆስትኔም» የሚለውን «ትሩ» አድርጉት፤ ሁለቱን ቃል በታች ሰረዝ አያይዛችሁ ጻፉት።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዢልኝ። ቋሚ ስም ሰጥተሽው የነበረ ማሽን ላይ ቋሚው ራሱ ተቀይሮ ካገኘሽ፣ ያ የራውተር ሥራ አይደለም። ፋይሉ መቼ እንደተነካ ስታት በሚባለው ትዕዛዝ እዪ፣ ከዚያ በዚያ ሰዓት ማን ሱዶ እንደተጠቀመ ጆርናሉ ላይ ፈልጊ። ያኔ መጠርጠርሽ ልክ ነው፤ ኬብሉን ነቅለሽ፣ ዋይፋዩን አጥፍተሽ ጻፊልኝ። ቤት ሲመለስ ስሙም አብሮ መመለሱን ሳይ ግን ያንቺ የቢሮው ራውተር ነው የሚመስለኝ። ነገ ቢሮ ስትገቢ ያቺን የሎግ መስመር ገልብጠሽ እዚህ ለጥፊልኝ፤ አብረን እናያታለን።