ሚኒሞው አልወርድ ሲል፦ ብሎኑን ሳይሆን ሌቨሩን ይፈትሹ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚሠራ ባለ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይስ ያላቸው አንባቢ ጥያቄ ልከዋል። እግራቸውን ከነዳጅ ሲያነሱ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም። ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ) ላይ ከሌቨሩ (የነዳጅ ፔዳሉ የሚያዞረው እጀታ) ሥር ናፍጣ ያረጥባል። ጠዋት ጠዋት ለማስነሳት ያስቸግራል። ጋራዥ ወስደውት ባለሙያው «ብሎን አስተካክያለሁ» ብሏቸዋል። አሁን ጉልበቱ ጨምሯል፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ሚኒሞውም (እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ከበፊቱ ብሶበታል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ። ፖምፓው ላይ ያሉት ብሎኖች በዳዶ የታሰሩ ናቸው፤ ሰው ካልነካቸው ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። የሚያልቁት ካቦው (ከፔዳሉ ወደ ሌቨሩ የሚሄደው ገመድ)፣ ሞላው፣ ሌቨሩ የተቀመጠበት ሻፍትና ናፍጣ እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ማለትም ኦሪንጉ ናቸው። ሌቨሩ ለምን እንደማይመለስ ሳይታወቅ ብሎን ከተነካ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። እርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል።

ሞተሩን ያጥፉና ካቦውን ከሌቨሩ ላይ ያላቅቁ። ሌቨሩን በእጅዎ እስከ መጨረሻው ገፍተው ይልቀቁት። ጠብ ብሎ ተመልሶ የሚኒሞ ብሎኑን ከመታ ፖምፓው ላይ ችግር የለም፤ ጥፋቱ ካቦው ወይም ፔዳሉ ጋ ነው። የካቦው ሽቦ ተበጣጥሶ ሽፋኑ ውስጥ ይይዝ ይሆናል። ዳሽቦርድ ላይ የእጅ ነዳጅ ካለም እስከ መጨረሻው መግባቱን ይዩ። እሱ ትንሽ ከወጣ ሌቨሩ ብሎኑ ላይ አያርፍም፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ካቦው ሲገጠም አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ። ሌቨሩ የመጨረሻውን ማለትም የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን ነክቶ መቆም አለበት፤ ከዚያ በላይ ካቦው እየተወጠረ መጎተት የለበትም። ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ ካቦው ትንሽ ላላ ይበል። ማስተካከያው ካቦው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ዳዶዎች ናቸው።

ካቦው ወልቆም ሌቨሩ እያዘገመ ከተመለሰ ሞላዎቹን ይዩ። ተሰብረው ወይም ላልተው ከሆነ በትክክለኛው ሞላ ይቀይሩ። ከሌላ መኪና የተገኘ ሞላ ቆርጦ ማሰር በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ሞተሩ በራሱ ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ናፍጣውን የሚዘጋው ቫልቭ በቁልፉ ነው የሚሠራው። በዚያም ካልጠፋ በትልቅ ማርሽ አስገብተው ፍሬኑን ጠንክረው ይዘው ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ።

አሁን ወደ እርጥበቱ። የፖምፓውን ራስ በጨርቅ አድርቁና ሞተሩን አስነስተው ይመልከቱ። ሞተሩ ሲሠራ ፖምፓው ውስጥ ግፊት ስላለ ናፍጣው ባለቀው ኦሪንግ በኩል ይወጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ በዚያው ቀዳዳ አየር ይገባል። የጠዋቱ ችግር ከዚህ ነው የሚመጣው። ለማረጋገጥ ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመው ይጫኑ። በዚያ ቀን ቶሎ ከተነሳ አየር እየገባ ነው ማለት ነው።

ሌቨሩን ይዘው ሻፍቱን ወደ ጎን ይነቅንቁት። ካልተንቀሳቀሰ ኦሪንግ መቀየር ይበቃል። ከተንቀሳቀሰ ግን ሻፍቱ የሚያልፍበት የፖምፓው ክዳን ራሱ ተበልቷል፤ አዲሱ ኦሪንግም አይቆይም። ያኔ ክዳኑን ቶርኖ ቤት ወስዶ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ወይም ክዳኑን መቀየር ነው።

እዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ሌቨሩ ሻፍቱ ላይ የሚቀመጠው በጥቃቅን ጥርሶች ነው። ሳያወልቁ ሌቨሩንም ሻፍቱንም የሚያገናኝ ምልክት ጭረት ያድርጉ። በአንድ ጥርስ ከተሳሳተ የውስጡ ሞላ ውጥረት ይለወጣል፤ ሞተሩ ወይ ይጮሃል ወይ ጉልበት ያጣል። ሻፍቱ ከታች ከዚያው ሞላ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ክዳኑን በኃይል አይንቀሉት። ክዳኑን ቀስ እያሉ ሲያነሱ ሻፍቱን ወደ ታች እየገፉ ክዳኑ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ዙሪያው አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ፖምፓ ትገድላለች። ኦሪንጉ ናፍጣ የሚችል ቫይተን ይሁን፤ ተራው ጎማ ያብጥና ሻፍቱን ይይዘዋል። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም አዲስ ይሁን። ከዚያ አየሩን ያስወጡ። የኖዝል ቱቦ ዳዶ አላልተው ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሲያዞሩ ጣትዎን አያስጠጉ፤ ያ ግፊት ቆዳ ይበሳል።

ብሎኖቹ ጋ የምንደርሰው አሁን ነው። ጭሱን ያመጣው ከኋላ በኩል ያለው የሙሉ ጭነት ብሎን (የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው) መሆኑን አልጠራጠርም። እሱ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ናፍጣ ይጨምራል፤ ሚኒሞንም አብሮ ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ አንድ ላይ የመጡብዎት ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ የተጨመረው ናፍጣ ሁሉ አይቃጠልም፣ ጭስ ይሆናል። የጨመረ የመሰልዎትን ጉልበት በነዳጅ ወጪና በሞተር ሙቀት ይከፍሉታል። ጋራዡ ምን ያህል እንዳዞረው ጠይቀው ያንኑ ያስመልሱ። የማያስታውስ ከሆነ ሩብ ሩብ ዙር እየመለሱ ዳገት ላይ ጭሱን ይዩ።

እሱ ሲያልቅ ሞተሩን ያሙቁ፣ መብራትና ኤሲ ያጥፉ፣ ሚኒሞውን በዙር መለኪያ ያስተካክሉ። ለዚህ ሞተር በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ነው። በእርሳስ የታሸገውን የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን ግን አይንኩ። ማሸጊያው ተበጥሶ ካገኙት ፖምፓው ወርዶ በፖምፓ መፈተሻ ማሽን (ቴስት ቤንች) ላይ መለካት አለበት። ሲወርድም ፖምፓውና ሞተሩ ላይ የታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ምልክት ሳይደረግ አንድም ዳዶ እንዳይፈታ ይቁሙበት።