ጋውኑ ሳይለበስ

ለወጣት ፎቶ አንሺዎች፣

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዱ ሥራዎቹን ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ሃያ ያህል ተመራቂዎችን ጣና ዳር አቁሞ አንስቷል፤ ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ማን ሐኪም፣ ማን መሐንዲስ፣ ማን የሕግ ባለሙያ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሁሉም ቆባቸውን ወደ ላይ ወርውረዋል። እንዲህ ያለው ፎቶ ለቤተሰብ አልበም ይገባል፤ አልነቅፈውም። ከጽሑፍ ጋር መጽሔት ላይ የሚወጣ ፎቶ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ አንባቢው ይህ ሰው አራት አምስት ዓመት በምን ነገር ሲደክም እንደኖረ ከምስሉ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የምመክራችሁ፣ ለመጽሔት የምታነሱትን ተመራቂ ከምረቃው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ በሚሠራበት ቦታ እንድታነሱት ነው። በምረቃው ዕለት ልጁ የወላጆቹ ነው፤ አበባ ይዘው ከገጠር የመጡ ዘመዶቹ እየጠበቁት እናንተ ጎትታችሁ ብትወስዱት ከመጣደፍ በቀር ፊቱ ላይ የምታገኙት ነገር የለም።

አንድ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፏን በእምቦጭ ላይ የሠራች ልጅ እንዳነሳ ተላክሁ። ይህ አረም ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ እርሷ ሐይቁን ያለ እምቦጭ ያወቀችው በልጅነቷ ብቻ ነበር። ካሜራዬን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁላችንም የምናውቀውን ያን የመታወቂያ ፎቶ ፊትም አመጣች። ካሜራውን አስቀምጬ አረሙን እንዴት እንደምትመዝን ጠየቅኋት። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ሳይደርቅ ቢመዘን የሚያሳስት መሆኑን ልታስረዳኝ ከሣፋው ውስጥ አንዱን ብድግ ስታደርግ፣ ጥቁሩ ሥር እስከ ክንዷ ድረስ ተንጠባጠበባትና እጅጌዋን በጥርሷ ይዛ ሰበሰበች። የታተመው ፎቶ ያ ነው።

የሐይቁ ዳርቻ ውብ መሆኑ ራሱ ያዘናጋችኋል። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒኩና ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነው የተዋሐዱት በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ፖሊ ግን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ሲያስተምር የቆየ ስለሆነ፣ አንድ መካኒካል መሐንዲስ በዘይት በጠቆረ የወርክሾፕ ጠረጴዛ አጠገብ ቢቆም ከዘንባባ ሥር ከመቆም የበለጠ ስለ ራሱ ይናገራል። ውኃው የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን ስለሚገኝ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ በረንዳ ፈልጉና ሰውየውን ፊቱን ወደ ውኃው አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ከውኃው በላይ ያለው ሰፊ ሰማይ ፊቱ ላይ ለስላሳ ብርሃን ይጥልላችኋል። በሰኔና በሐምሌ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም ስለማትርቅ ዓይንን ጉድጓድ ታስመስላለች፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሥሩ፤ ደመና ካለ ግን ሰዓቱ አያስጨንቃችሁ። ዋርካ ሥር ከመቆም ተጠንቀቁ፤ የቅጠሉ አረንጓዴ ፊት ላይ ያርፋል፤ በኋላ ለማስተካከልም ያስቸግራል።

ስለ ጋውኑ ደግሞ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ጥቁር ጋውን ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ሲሞላው ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። ይህን እያወቅሁ፣ በስላይድ ፊልም ዘመን አንዲት ተመራቂ ለመጽሔት ሽፋን ሳነሳ ቸኩዬ መለኪያውን አመንኩት። ስላይድ ፊልም ስሕተት አይምርም፤ ፊቷ ነጥቶ ወጣ፤ እንደዚያው ታተመ። እናቷ መጽሔቱን ይዘው መጥተው፣ «ጠይሟን ልጄን ማን ነው ቀይ ያደረጋት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ካሜራው ራሱ ሂስቶግራም፣ ማለትም በፎቶው ውስጥ የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን የሚያሳይ ሥዕል፣ ያሳያችኋል፤ ጋውኑ ከበዛ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን በግማሽ፣ ቀንሱ፣ ከዚያም ጋውኑን ትታችሁ ፊቱን ተመልከቱ። እኔ በስሕተት ያደረግሁትን አንዳንዶቻችሁ ዛሬ በስልክ አፕ ሆን ብላችሁ ስታደርጉት ሳይ ግን እናደዳለሁ። የሰው መልክ የሚታረም ጽሑፍ አይደለም።

የቀረው የፎቶው መግለጫ ነው። ስንቱ ጥሩ ፎቶ ከሥሩ በተጻፈ የተሳሳተ ስም ተበላሽቷል! በእኛ ፊደል ጸሐይም ፀሐይም፣ ኃይሉም ሃይሉም ስለሚጻፍ፣ ባለቤቱ በየትኛው እንደሚጽፍ በመስማት ብቻ አታውቁትም። እኔ ትንሽ ደብተር ከካሜራ ቦርሳዬ አይለይም፤ ካነሳሁ በኋላ ለተመራቂው እሰጠውና ስሙን፣ የአባቱን ስምና የትምህርት ክፍሉን በገዛ እጁ ይጽፍልኛል።