ሲጋራ፦ ጥፋቱ የአጫሹ ነው ወይስ የሻጩ?

ወንድሜ፣ «ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ለሚያጨሰው መንግሥት ምን አገባው? ኩባንያ መክሰስስ ምን ይባላል?» ብለሃል። ግማሹን እስማማለሁ። አባቴን ማንም አስገድዶ አላስጨሰውም። ሲጀምር ግን ልጅ ነበር።

እዚህ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት የማየውን ልንገርህ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደብተር የያዘ ልጅ ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛል። በክር በታሰረው ላይተር ይለኩሳል። አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። የማስጠንቀቂያው ሥዕል ደግሞ ያለው ፓኬቱ ላይ ነው። ፓኬቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ታዲያ ልጁ ምኑን አይቶ ነው «አውቆ ገባበት» የምንለው?

ወደ ክሱ ስመጣ፣ የአሜሪካ ግዛቶች ኩባንያዎቹን የከሰሱት ሰው ስላጨሰ ብቻ አይደለም። ጉዳቱን እያወቁ ደብቀዋል ብለው፣ ለታማሚዎች ያወጡትን የሕክምና ወጪ ጠይቀው ነው። በፈረንጆቹ 1998 ከ46 ግዛቶች ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ኩባንያዎቹ በ25 ዓመት ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍሉ ፈረሙ። የተደበቀብህን ነገር እንዴት ትመርጣለህ?

ባለሱቁን ለብቻው አናግሬዋለሁ። «እኔ ባልሸጥለት ከጎን ይገዛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ሕጉ ጎን ያለው ሱቅም ድረስ እንዲደርስ የምፈልገው።