ከአዲስ ቤት የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቤት የቀየሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ካርቶኑ ገና ተፈቶ አላለቀም፤ መርፌውና መዶሻው ግን ወጥቷል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ስም ትቼ፣ ጽሑፉን አሳጥሬ እንዲህ መልሻለሁ።

የመጋረጃ ጨርቅ ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ልጠበው ወይስ ሰፍቼ ስጨርስ?

መጀመሪያ ይጠቡት። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከሆነ መጋረጃው ያጥራል። ስፋቱን ደግሞ ከመስቀያው ዘንግ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያድርጉት። አለበለዚያ ሲዘጋ እጥፋት አይኖረውም።

ሥዕል ስንት ቁመት ላይ ይሰቀላል?

የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሳንቲሜትር ላይ ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። ልጆች የሣሉትን ግን በልጆቹ ዓይን ቁመት ስቀሉት።

ክፍሉን ሠራሁለት፤ ልጄ ግን አልገባም አለ

ረጅሟን ደብዳቤ የጻፈችው አንዲት እናት ናት። የሰባት ዓመት ልጇ አዲሱን ቤት ሳያይ ክፍሉን በድብቅ አዘጋጀችለት። ግድግዳውን ቀባች፤ መጋረጃና የትራስ ልብስ ሰፋች፤ ከካርቶን ኮከብ እየቆረጠች ጣሪያው ላይ ሰቀለች። ሁሉንም የሠራችው እንቅልፏን አጥታ ነው። ልጁ ገብቶ አየና «የኔ ክፍልስ የታለ?» አለ። ይኸው ወር ሊሞላው ነው፣ እናትና አባቱ መሐል ካልሆነ አይተኛም። ሰሞኑን ደግሞ ከተወው ስንት ዓመቱ የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። «ምን አጎደልኩበት?» ትላለች።

እህቴ፣ ምንም አላጎደልሽም። ሁሉንም ጨርሰሽ ነው የጠበቅሽው፤ የከበደውም ይኸው ይመስለኛል። ቤት ሲቀየር ልጅን የሚጠይቀው የለም። ጓደኛው፣ ሰፈሩ፣ ማታ ሲተኛ የሚሰማው ድምፅ፣ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድበት መንገድ ሁሉ በአንድ ቀን ይለወጥበታል። እሱ ሊወስንባት የምትችል አንዲት ክፍል ቀርታ ነበር። እሷንም ተወስና አገኛት።

እኔ በአዲስ ቤት የእጅ ሥራን አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው። ልጅ ራሱ የለካውን፣ የቆረጠውን፣ አጣሞ የሰፋውን ነገር «የኔ ነው» ይላል። አያምር ይሆናል፤ አይመር። ወላጆች ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅ እንቸኩላለን፤ የጎደለ ነገር ባየን ቁጥር ለብቻችን እንሞላዋለን። እባካችሁ ጥቂት ነገር ሳይሞላ ተዉላቸው።

አሁን ክፍሉን አታፍርሺው፤ ክፈቺለት። ኮከቦቹ ይውረዱ ካለ ይውረዱ፤ ቅር አይበልሽ። አልጋው የት ይሁን ብለሽ ጠይቂው፤ ግን ምርጫውን አጥብቢለት። «በሩን እያየህ ብትተኛ ይሻልሃል ወይስ ግድግዳውን ተጠግተህ?» ማለት «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት ይሻላል። ሁለተኛው ለደከመ ልጅ ሸክም ነው። አሮጌውን አንሶላና ብርድ ልብስ ሳታጥቢ አንጥፊለት፤ የድሮው ቤት ሽታ ያረጋጋዋል። የመኝታ ሰዓቱንና ከመኝታ በፊት የምታደርጉትን ነገር፣ ተረትም ይሁን ገላ መታጠብ፣ በድሮው ቅደም ተከተል ያዙት። ማታ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ አንድ ላይ ቤቱን ዙሩ። የሚንቋቋው በር ነው? የሚያጉረመርመው ማቀዝቀዣው ነው ወይስ ቧንቧው? ያገኘውን ሁሉ በወረቀት ይሣለው። ምን እንደሆነ ያወቀው ድምፅ ብዙም አያስፈራውም።

ከዚያ አንድ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። የቁመት መለኪያ ጣውላ እላለሁ። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ አዲስ ጣውላ ያዙ። እሱ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሰው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይችላል። በሜትር እየለካችሁ በየአሥር ሳንቲሜትሩ መስመር አስምሩ። በድሮው ቤት ግድግዳ ላይ ቁመቱን ምልክት ታደርጉ ከነበረና ፎቶ ካላችሁ ቁጥሩን ወደ ጣውላው አምጡት። ከሌላችሁም የሕክምና ካርዱን አውጪ፤ ሕፃን ሳለ የተለካው ቁመት ከነቀኑ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። በየቁመቱ አጠገብ ያኔ የነበራችሁበትን ቤት ይጻፍ። የዛሬውን ቁመት ግን ራሱ ይጻፈው። ጣውላው የት እንደሚቆምም እሱ ይወስን። አንድ ቀን ሌላ ቤት ብትቀይሩ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ሽንቱን በተመለከተ አትቆጪው፤ በሰው ፊትም አታንሺበት። ቤት በተቀየረ ሰሞን ልጆች ወደ ትንሽነታቸው መመለሳቸው የተለመደ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ውኃ አብዝቶ ከጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከሸና ወይም ከከሳ ደግሞ የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ውሰጂው። ይህ ሁሉ ባይኖርና ጭንቀቱ ግን ከሳምንት ሳምንት ቢብስ፣ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ቢል፣ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ያናግረው።

የድሮ በር አግኝቼ ጠረጴዛ ላደርገው ቀለሙን እየፋቅሁ ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ችግር አለው?

አለው። ይህን እንዳነበብሽ አቁሚ።

የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ አገሮች ደግሞ ከዚያ በጣም ዘግይተው ነው የከለከሉት። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ብናኙ ይተነፈሳል፣ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ በእጅ ወደ አፍ ይገባል። ከእናት ደም ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ተራ የአፍ መሸፈኛ አድርጌያለሁ ብለሻል፤ አይበቃም።

በሩን ሌላ ሰው በላስቲክ ጠቅልሎ ከቤት ያውጣው። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁም ይጣል። ይህንንም አንቺ አትሥሪው። የለበስሽውን ልብስ ለብቻው እጠቢ። ለሚከታተልሽ ሐኪም የሆነውን ሁሉ ንገሪና የደም ምርመራ ጠይቂ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታቆዪው። በሩ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ከወለድሽ በኋላ ትመለሺበታለሽ፤ በር የትም አይሄድም።

አማቴ ለልጃችን ብርድ ልብስና የአልጋ መከለያ በኪሮሽ ሠርተው አመጡ። ልጃችን ሦስት ወሩ ነው። አልጋው ውስጥ ካላየሁ እያሉ ነው። እንዴት እምቢ ልበላቸው?

እምቢ ማለትዎ ትክክል ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አልጋ ውስጥ ከጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ እና በደንብ ከተወጠረ አንሶላ በቀር ምንም አይገባም። ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ የጎን መከለያ ሁሉ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። አሜሪካ የጎን መከለያው እንዳይሸጥ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

ግን እኚህ እናት ስንት ሌሊት ተቀምጠው እንደሠሩት አስቡ። አጣጥፋችሁ ቁምሳጥን ውስጥ ብትደብቁት ሐዘናቸው አይጣል ነው። ብርድ ልብሱን ቀን ቀን ወለል ላይ አንጥፉት፤ እናንተ እያያችሁት ሕፃኑ በሆዱ ይጫወትበት። መከለያውን ክሮቹን አሳጥራችሁ ከአልጋው ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ለእርሳቸው የሚነግራቸው ደግሞ ልጃቸው ይሁን፤ ምራት ስትናገረው ሌላ ይመስላል። ከተቻለ ሕፃኑን ለክትባት ስትወስዱ አብረው ይሂዱና ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። ከዚያ ለዓመት ልደቱ ሌላ ብርድ ልብስ እንዲሠሩለት ለምኗቸው፤ ያኔ ይለብሰዋል።

ባለቤቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ በራሴ እሠራለሁ ብሎ ሳሎኑ ጣውላ በጣውላ ከሆነ ሦስት ወር አለፈው። ሠራተኛ ልጥራ?

አይጥሩ። ሦስት ወር ያስመርራል፤ በርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። ነገር ግን የጀመረውን ሥራ ሌላ ሰው ቢጨርሰው በገዛ ቤቱ ያፍራል። አንድ ቅዳሜ ቁረጡና አብረውት ይሥሩ፤ እርስዎ ጣውላውን ይያዙለት፣ እሱ ይምታ። ምናልባት ሰው ያዥ አጥቶ ይሆናል የቆመው።

ሲያልቅ ግን መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር መጽሐፍ አይግባበት። ልጆች መደርደሪያና መሳቢያ እንደ መሰላል ይወጣሉ፤ ዕቃው ላያቸው ላይ ወድቆ ሕፃናት ሞተዋል። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ፊሸር ያስገቡለት። ጂፕሰም ከሆነ ቦርዱን ብቻ አይመኑ፤ ከኋላው ያለውን ብረት ወይም እንጨት ፈልጎ ይያዝ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም፣ ድሪል አይግባ፤ ሽቦው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉን ያንብቡ፤ ካልገባዎት የሕግ ሰው ይጠይቁ።

ለእንጨት ሥራዬ የተልባ ዘይት እቀባለሁ። የጠረግሁበትን ጨርቅ ባልዲ ውስጥ አጠራቅሜ ባጥበው ምን አለበት?

ቤትዎን ሊያቃጥል ይችላል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ተጨማዶ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። እያንዳንዱን ጨርቅ ደጅ ላይ፣ እሳት ከሌለበት፣ ሳይደራረብ ዘርግተው ድርቅ እስኪል ይተዉት። ቦታ ከሌለዎት ውኃ በሞላበት፣ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ይንከሩት። ዛሬ ባልዲው ውስጥ ያለውን አሁኑኑ ያውጡት።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ለእናቴ ለአዲሱ ቤታችን የቁልፍ መስቀያ ከእንጨት መሥራት እፈልጋለሁ። በኤሌክትሪክ በሚሞቀው ሙጫ ላጣብቀው?

ጎበዝ! እሱን ተወው። የሚሞቀው ሙጫ እስከ 190 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቆዳ ላይ ከወደቀ ይጣበቅና ያቃጥላል። ደግሞ ክብደት ሲበዛበት ከእንጨት ይላቀቃል። ነጩን የእንጨት ሙጫ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ሁለቱን እንጨቶች ግጠምና ከባድ ነገር ጭነህበት እስከ ማግስቱ ተወው። ማንጠልጠያውን ከማስገባትህ በፊት በቀጭኑ ብሳው፤ አለበለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስትበሳ ትልቅ ሰው አጠገብህ ይሁን። ማንጠልጠያው ስንት እንደሚሆን ግን ቁልፍ ያለውን የቤቱን ሰው ሁሉ ቆጥረህ ወስን፤ ሁለት ትርፍም ጨምርበት።